ትምህርት ቤት ገብቶ ተማሪን በነፃ ማማከር፦ በጎ ፈቃደኛ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

ሀዋሳ ውስጥ በሳይኮሎጂ የተመረቀ ወጣት አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ያስመርቃል። ሥራ እስኪገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደግሞ ይሰለቻል። ስለዚህ ብዙዎች አንድ ሐሳብ ይመጣላቸዋል፤ «ለምን ሰፈሬ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ ተማሪዎችን አላማክርም?» ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ክረምት ላይ በዘመቻ እንደምንሠራው የበጎ ፈቃድ ሥራ አይደለም። የተተከለ ችግኝ ባይጸድቅ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ይተከላል። አንዴ ሆዱን ከፍቶ ሚስጥሩ የወጣበት ልጅ ግን ለሁለተኛ ሰው አይናገርም።

ፍላጎቱ መኖሩ አያጠያይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑት መካከል ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ የዓለም አማካይ እንጂ ለሀዋሳ የተሰላ አይደለም። ግን 60 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ቆማችሁ አስሉት። ስምንት ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሐኪም ፊት አይቀርቡም። «ሰነፍ»፣ «ረባሽ» ወይም «ዝምተኛ» እየተባሉ ከክፍል ክፍል ያልፋሉ።

መጀመሪያ የሚምታታውን ነገር እናጥራ። ማማከርና ማከም አንድ አይደሉም። ማከም የአእምሮ ሐኪም፣ የሳይካትሪ ነርስ ወይም የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ፈቃደኛ ማዳመጥ ይችላል። ልጁ ችግሩን ቆራርጦ እንዲያየው ያግዘዋል። ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ ፈተና ጭንቀት፣ ስለ ጓደኛ ግፊት ተማሪዎችን ሰብስቦ ማወያየት ይችላል። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለይቶ ወደሚመለከተው ሰው ይወስዳል። የበሽታ ስም መስጠት ግን አይችልም። መድኃኒት ጀምር፣ መድኃኒት አቁም ማለትም አይችልም። «አንተ እኮ ዲፕረሽን አለብህ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአማካሪ አፍ ከወጣች እረፍት ሳይደወል ግቢውን ትዞራለች። ልጁ እስኪመረቅ ድረስም ትከተለዋለች።

ሳይኮሎጂ ያልተማረ ሰውስ? ጡረታ የወጡ መምህር፣ ነርስ፣ የሰፈር ታላቅ እህት? እነሱም ቦታ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሦስት ሥራ ላይ የቆመ ነው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ይህን ለመሥራት ባለሙያ መሆን ግድ አይደለም። መሠልጠን ግን ግድ ነው። በእኔ አስተያየት ብዙ አዲስ ተመራቂዎችም ከዚህ ቢጀምሩ ይሻላቸዋል። አራት ዓመት ስለ ንድፈ ሐሳብ ተምሮ አንድም ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

አገባቡ ላይ አትሸዋወዱ። የጓደኛችሁ አጎት ርዕሰ መምህር ስለሆነ ብቻ «ና ግባ» ተብሎ አይገባም። ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ አስገቡ። ጉዳዩን የከተማው ትምህርት መምሪያም ይወቀው። ከዚያ ምን ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ የት ክፍል፣ ተጠሪነታችሁ ለማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ከፖሊስ አውጡ። ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳ ይዛችሁ ሂዱ። ከልጆች ጋር ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ማንነቱ ሊጣራ ይገባል። ይህን እንደ ስድብ የሚቆጥር ፈቃደኛ ባይገባ ይሻላል።

ቀጥሎ የክፍል ጣጣ አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ትርፍ ክፍል የለውም። የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ የዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጥግ ይሆናል። እሱን አትቀበሉ። ተማሪ ወደ ዩኒት ሊደር ቢሮ የሚሄደው አርፍዶ፣ ተደባድቦ ወይም ወላጅ አምጣ ተብሎ ነው። እዚያ የሚቀመጥ አማካሪ በልጆቹ ዓይን የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ ሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በማይሠራበት ሰዓት፣ ካልሆነም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ይሻላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ የምትቀመጡበት ቦታ ለሰው የሚታይ ግን የማይሰማ ይሁን። በር ዘግቶ ከአንድ ተማሪ ጋር መቀመጥ ለልጁም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት ምንድን ነው? ከመጽሐፍ የምታውቁት ነገር ተራ በተራ አይመጣም። የ12ኛ ክፍል ተማሪን ውሰዱ። ብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከተዛወረ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ማብቂያ የተፈተኑት 3.2 በመቶ፣ የ2016 ተፈታኞች ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ልጅ «ለምን እማራለሁ?» ቢላችሁ አልታመመም። ሒሳብ ሠርቶ ነው። «ጠንክረህ ካጠናህ ታልፋለህ» የሚል ምክር ደግሞ ከእናንተ በፊት መቶ ጊዜ ሰምቷል። ከዚህ ልጅ ጋር የሚሠራው ሥራ ስለ ሬሜዲያል፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ፣ ስለ ሌላ መንገድ በግልጽ ማውራት ነው። ፈተናውን ቢወድቅ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው መጠየቅም አለ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈራው ውጤቱ ሳይሆን የአባት ፊት ነው።

ሌላዋ ልጅ እናቷ አረብ አገር ናት። ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ብር ይመጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ ታናናሾቿን የምታሳድገው ግን እሷ ናት። ሌላው ልጅ ደግሞ፣ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ስለሄደ፣ ዴስክ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያስበው መንገዱን ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ፓርክ ልግባ ወይስ ልማር?» የሚል ጥያቄ የከተማው ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ደሞዝ ነውና ቤተሰብ ይገፋል። ከዚያ ጫት አለ። ቤቲንግ አለ። የትራንስፖርቱን ብር ቅዳሜ በኳስ ውርርድ ተበልቶ ሰኞ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ አይገርምም። የልጅነት ፍቅርም አለ፤ እሱን አትናቁት። ለእኛ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ለእሱ ግን ዛሬ የዓለም መጨረሻ ነው።

ብዙዎቹ ግን «ከፋኝ» ብለው አይመጡም። «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል» ብለው ነው የሚመጡት። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ «ምንም የለብህም» ብሎ መመለስ። ሌላው፣ ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው የሚወደው፣ ሁሉንም ወደ ጭንቀት መውሰድ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ራሱን ይስታል። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ «ሰይጣን ነው» ተብላ ዓመታት ታሳልፋለች፤ በሽታው ግን መድኃኒት አለው።

ንግግሩ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው።

«ቲቸር፣ ራሴን ያመኛል።»

«መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?»

«ሒሳብ ሲደርስ።»

እዚህ ጋ «አይዞሽ፣ ሒሳብ እኮ ቀላል ነው» ያለ አማካሪ ወሬውን ዘጋው። ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። ትንሽ ጠብቁ።

«ሒሳብ ሲደርስ ምን ይሆናል?»

«ሰሌዳ ላይ ያስወጡኛል።»

«ስትወጪስ?»

«ከኋላ ሆኜ የተጻፈው አይታየኝም። ስወጣ ምን እንደተባለ ስለማላውቅ ይስቁብኛል።»

የልጅቷ ችግር ዓይኗ ነበር። መፍትሔው የፊት ወንበርና የዓይን ምርመራ ነው። እስኪገኝ የፈጀው ሦስት አጭር ጥያቄ ነው። «አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ቦታው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ሚስጥር እንምጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ልጆቹ ግን የሚደብቁት ለምን እንደሆነ እኛም እናውቀዋለን። የቤት ገመና ደጅ አይወጣም ተብለው አድገዋል። ለመምህር የነገሩት ነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቡና ላይ ሲወራ አይተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በተገናኛችሁበት ደቂቃ፣ ልጁ ምንም ሳይናገር፣ ደንቡን ንገሩት። «የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል። ሦስት ነገር ሲገጥመኝ ግን ለሌላ ሰው እናገራለሁ። ራስህን ልትጎዳ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሰው እየጎዳህ ከሆነ። ያን ጊዜም ለማን እንደምናገር መጀመሪያ ለአንተ እነግርሃለሁ።» ይህን ሳትሉ ጀምራችሁ መሐል ላይ «ይቅርታ፣ ይህንስ ለርዕሰ መምህሩ መናገር አለብኝ» ማለት ክህደት ነው። «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማል ደግሞ የማትጠብቁት ቃል ነው።

ደንቡን ርዕሰ መምህሩም ማወቅ አለበት። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ያገኛችሁና በቅንነት «ያቺ ልጅ ምን አለችህ?» ይላል። ክፋት የለውም፤ ለግቢው ኃላፊ ስለሆነ ነው። ግን መልሳችሁ አስቀድሞ ካልተስማማችሁበት ይከብዳል። ለዚህ ነው ያ አንድ ገጽ ስምምነት ላይ «አማካሪው ስንት ተማሪ እንዳየና ስለ ምን ዓይነት ጉዳይ እንደሆነ በጥቅሉ ያሳውቃል፤ የማንን ጉዳይ እንደሆነ አይናገርም» የሚል መስመር መኖር ያለበት። ማስታወሻ ከያዛችሁ ስም አትጻፉ፣ ቁጥር ስጡ። ደብተሩን ባጃጅ ላይ ረስታችሁት ብትወርዱ ምን እንደሚሆን አስባችሁ ጻፉ።

ልጅን ከክፍል ስም ጠርቶ ማስወጣትም ሚስጥር ማውጣት ነው። 60 ልጅ ፊት «አንተ፣ ካውንስለሩ ይፈልግሃል» ከተባለ አበቃ። ልጆቹ በራሳቸው የሚመጡበት ቋሚ ሰዓት ይሻላል። ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከሆነ የፈረቃው መለዋወጫ ሰዓት ምቹ ነው። ሁሉም ስለሚተራመስ ማን የት እንደገባ የሚያይ የለም።

ስለ ራስን ማጥፋት ደግሞ በግልጽ እናውራ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች መካከል በዓለም 3ኛው የሞት ምክንያት መሆኑን ይገልጻል። ብዙ ሰው «ከጠየቅኩት ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ያሳያሉ። እንዲያውም ልጁ ሸክሙን የሚያራግፍበት በር ይከፈታል። ስለዚህ ሳትዞሩ ጠይቁ። «ሰው በጣም ሲከብደው መኖር ያስጠላዋል፤ ራሱን ማጥፋትም ያስባል። አንተ እንዲህ አስበህ ታውቃለህ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ አትደንግጡ። አትቆጡ፣ «ኃጢአት እኮ ነው» አትበሉ። በምን፣ መቼ ብሎ አስቦ እንደሆነ ጠይቁ። ካሰበበት ብቻውን አይተው። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ከአጠገቡ ይራቅ። የሚያምነው የቤተሰብ ሰው በዚያው ቀን ይጠራ፤ ወደ ሆስፒታልም ይሂድ። ሪፈራል ማለትም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ነገ እናወራለን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ጥቃት ሌላው ነው። አንዲት ተማሪ ተደፍራ ብትነግራችሁ የእናንተ ሥራ መርማሪ መሆን አይደለም። ደጋግማችሁ አታስተርኳት። «ለምን እዚያ ሄድሽ?» የሚል ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ከተቻለ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ሆስፒታል ትድረስ። ፖሊስ ጋ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለ። ቤተሰብ በሽምግልና ልጨርሰው ሊል ይችላል፣ በተለይ አጥፊው ዘመድ ከሆነ። ልጅን መድፈር ወንጀል ነው። ሽማግሌ የሚጨርሰው ነገር አይደለም። እናንተም ሽምግልናው ላይ አትቀመጡ።

ወደ ሐኪም መላክ በወረቀት ብቻ አይሆንም። «ሪፈራል ሂድ» የተባለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይሄድም። ቤተሰቡ የአእምሮ ሕክምና ሲባል መጀመሪያ የሚታየው በሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው። «ልጄ አበደ ማለት ነው?» ይላል አባት። ስለዚህ ወላጅን አግኙት። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ትምህርት መውረድ አውሩት፤ እነዚህን ራሱም አይቷቸዋል። ካርድ የት እንደሚወጣ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ንገሩት። ከተቻለ የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ሂዱ።

ጸበል ወይም ጸሎት ቤት እየወሰዱት ከሆነም አትጣሉ። ሃይማኖትን ከሕክምና ጋር ያጋጨ አማካሪ የሚሸነፈው እሱ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ልጁ። «ጸሎቱም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ» የሚል ቄስ፣ ፓስተር ወይም ሼህ ካገኛችሁ እንደ ሥራ ባልደረባ ያዙት።

ሀዋሳ ላይ የቋንቋም ጉዳይ አለ። ልጁ ቤት ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ እየተናገረ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ እየቀለደ ያድጋል። ሲከፋው ግን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። አማርኛ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ቋንቋውን ከሚችል ሌላ ፈቃደኛ ጋር ተጣመሩ። የክፍል ጓደኛውን አስተርጓሚ ማድረግ አይታሰብም።

ስለ ራሳችሁም ትንሽ። ስልክ ቁጥራችሁን ለተማሪ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ሌሊት 6 ሰዓት በቴሌግራም «ቲቸር አለህ?» ሲመጣ ግን መልስ ብትሰጡም ባትሰጡም ችግር ነው። አትስጡ። ብርም ከኪሳችሁ አታውጡ። ደብተር የሌለው ልጅ ካገኛችሁ በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጅ መምህራን ህብረት በኩል ይታገዝ። አለበለዚያ ነገ በራችሁ ላይ የሚሰለፈው ለምክር የመጣ አይሆንም። ይህ ጭካኔ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ከልጁ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ውስጥ ብር ከገባ ነፃነቱ ይጠፋል ባይ ነኝ።

በሳምንት ወይም በ15 ቀን አንዴ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ የልጆቹን ስም ሳትጠሩ ጉዳዮቹን አውሩ። የድሮ መምህራችሁ ሊሆን ይችላል፤ ሪፈራል የሚሠራ የሳይካትሪ ነርስም ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሳታገኙ አትጀምሩ። ይህን ነጥብ ሰው ቀለል አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከዲግሪው በላይ የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። የሰው ልጅ ሐዘን ሲሰሙት ይጋባል። እንቅልፍ ሲያሳጣችሁ የምታወሩት ሰው ከሌለ ወይ ትጠነክሩና ልባችሁ ይደነድናል፣ ወይ ደግሞ ሳትናገሩ ትቀራላችሁ።

መቅረት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ልጆቹ ጥሎ የሚሄድ ሰው ለምደዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ እናንተ የመጡት በእሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ብቻ የምትችሉ ከሆነ ያቺኑ ቃል ግቡ፤ ግን አትቅሩ። መስከረም ምዝገባና ግርግር ስለሆነ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ቢያንስ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ፣ ከተቻለ እስከ ሰኔ ቆዩ። ሥራ አግኝታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት ለልጆቹ ንገሯቸው። ጉዳዩ ያላለቀውን ተማሪ ራሱ ከፈቀደ ከሚተካችሁ ሰው ጋር ፊት ለፊት አገናኙት። የሚተካ ከሌለም ከሚያምነው አንድ መምህር ጋር። ማስታወሻ ደብተሩ ምን እንደሚሆን ያ አንድ ገጽ ስምምነት ላይ ካልተጻፈ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ወስኑ።